ሲስተር ካሃላን ያላቃጠለቻቸው ጨርቆች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፱፻፴፭ ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ በሰሜን ኩዊንስላንድ የባሕር ጠረፍ ባለችው በዋሉምባ ከተማ የስኳር ፋብሪካው ሥራ ካቆመ አምስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር፤ ሸንኮራው በየማሳው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይደርቃል፤ ቆራጮቹ ቢላቸውን ሰቅለው በየጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ ባለሱቁ «ለአድመኛ ዱቄት አንሸጥም» ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል፤ የአድመኛ ሚስትም በባለሱቁ ሚስት ፊት ስታልፍ መሬት ላይ ትተፋለች። ሁለት ሺህ ነፍስ በማትሞላ ከተማ ውስጥ ጥላቻ እንዲህ ይበቅላል ቢባል ያላየ ሰው አያምንም፤ እኔ ግን እዚያው ያደግሁ ነኝና ከዚያ ዘመን ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፤ በዚያ አድማ ተኳርፈው ሳይነጋገሩ የተቀበሩ ወንድማማቾችንም አውቃለሁ።

ጠቡን ያመጣው አይጥ ነው። በሸንኮራው ሥር የሚርመሰመሱት አይጦች እርጥቡ መሬት ላይ ይሸናሉ፤ ሽንቱ በቆራጩ የተቧጨረ እጅ ይገባና ሰውየውን በትኩሳት ያነድደዋል፤ ዓይኑን ቢጫ አድርጎ፣ ኩላሊቱን ዘግቶ ይገድለዋል። ቆራጮቹ ይህን የአይጥ ትኩሳት ብለውት «ማሳው በእሳት ካልጸዳ አንቆርጥም» አሉ። የፋብሪካው ሹማምንት በበኩላቸው የተቃጠለ ሸንኮራ ስኳሩ ይቀንሳል ብለው አሻፈረን አሉ፤ በዚህም አልበቃቸው፤ አይጡ ያለው በማሳው ሳይሆን በጣልያኖቹ ማእድ ቤት ነው የሚል ወሬ አስነዙ። ከቆራጮቹ እኩሌታው ጣልያን ነበርና፣ ጣልያንን ለመጥላትም ያኔ ምክንያት አያሻም ነበርና፣ ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ።

በዚህ መካከል እሑድ ጠዋት አሱንታ ብሪጌንቲ የምትባል የጣልያን ቆራጭ ሚስት በከተማይቱ ትንሽ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ስሙንም ኦሊንዶ አሉት። አባቱ ኤርሲልዮ ለአድመኞቹ ወጥ ቤት የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ልጁ ሰኞ ደህና ጠባ፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራም አወጣ። ማክሰኞ ያስመልሰው ጀመር፤ ረቡዕ ጠዋት ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆኖ ተገኘ።

«ትኩሳቱ ነው» አሉ የሆስፒታሉ ነርሶች የበላይ፣ ሜትሮን ሄስተር ፖክሊንግተን። «ከዚያ ከቆሻሻ ቤታቸው በእናቱ ሆድ ይዞት መጣ።»

ሜትሮን ፖክሊንግተን ያን ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገዝተዋል፤ ትልቁ ኩራታቸውም ሐኪሙ በአራት ሰዓት ጉብኝት ሲገቡ አንዲት እድፍ፣ አንዲት ሽታ አጋጥማቸው አለማወቋ ነበር፤ ትውከቱም ሽንቱም ሐኪሙ ሳይደርሱ ታጥቦ ያልቃል። አሁንም ትእዛዙ ወዲያው ወጣ፤ ሕፃኑ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለችው የተላላፊ በሽተኞች ክፍል ተወሰደ፤ እናቲቱ እንዳታየው ተከለከለች፤ እርሱን የነካ ጨርቅ ሁሉ ሳይገለጥ እንደ ተጠቀለለ እሳት ይግባ ተባለ። ክፍሏን እንድትጠብቅ የታዘዘችው ሲስተር ዊኒፍሬድ ካሃላን ነበረች።

ዊኒፍሬድ ካሃላን የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የአየርላንድ ዘር፣ ቁመቷ አጭር፣ ለአለቃም ለምንዝርም ምላሷ የማይመለስ ነበረች። ከአሥር ዓመት በፊት በትልቁ ከተማ የሕፃናት ክፍል ስትሠራ አንዲት ጨቅላ አራት ቀን ሙሉ አረንጓዴ ስታስመልስ አይታ ነበር፤ ሁሉም «ወተት በዝቶባት ነው» አሉ፤ እርሷም ጨርቁን አጥባ ዝም አለች። ልጅቱ ሞተች። አስከሬኗን የከፈተው ቀዶ ሐኪም ነርሶቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ ከጨጓራዋ ዝቅ ብሎ አንጀቷን እንደ ክር አንቆ የያዘ ቀጭን ጅማት ነበር፤ በመቀስ ጫፍ ሲነካው ተበጠሰ። «ሺህ ልጅ ተወልዶ አንዱን አይገጥመውም» አለ ሰውየው፤ «በሕይወቷ ሳለች ብቆርጠው ግን ዛሬ ትጠባ ነበር። ያስመለሰችውን ያየ ሰው አልነበረም?» ያየችው እርሷ ነበረች፤ አፏን ከፍታም አልተናገረች። ያን ዝምታዋን ለራሷ ይቅር ብላው አታውቅም።

ስለዚህ የኦሊንዶን ጨርቆች አላቃጠለችም። እሳቱን ባዶ ጋዜጣ እያጎረሰች ጨርቆቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀቻቸው።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ዶክተር ላስኮም እንደ ልማዳቸው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ እግር አላስገቡም።

«እንዴት አደረ?»

«ቢጫነቱ ብሶበታል፣ ዶክተር» አሉ ሜትሮን።

«ሙቀቱስ?»

«ሙቀቱ ደህና ነው» አለች ሲስተር ካሃላን ከውስጥ። «ከተወለደ ጀምሮ ትኩሳት የሚባል ነክቶት አያውቅም። ትኩሳት የሌለው የአይጥ ትኩሳት አይተው ያውቃሉ?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሜትሮን።

«ማንም። ለዚህ ነው ሳልጠየቅ የምናገረው። ዶክተር፣ ሆዱን ይንኩት፤ ከላይ ተነፍቷል፤ ከታች ባዶ ከረጢት ነው። ከሰኞ ወዲህ በታች በኩል ምንም አላወጣም። ደግሞ ይህን ይዩልኝ።» ቆርቆሮውን ከፈተችና ሦስቱን ጨርቆች በሕፃኑ አልጋ ጠርዝ ላይ ዘረጋቻቸው። «ይህ የማክሰኞ፤ ይህ የትናንት፤ ይህ የዛሬ ጠዋት ነው። አረንጓዴ ነው። የራሱ ሐሞት ነው፤ ወደ ታች መውረጃ አጥቶ ወደ ላይ እየመጣ ያለ። አንጀቱን አንድ ነገር አንቆታል።»

«አቃጥዪ አላልኩሽም?» ሜትሮን ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ብለውኛል።»

«እና?»

«አላቃጠልኩም።»

ዶክተር ላስኮም ጨርቆቹን አዩ፤ በዚያች ቅጽበትም አወቁ፤ ሰውየው ሰነፍ እንጂ ደንቆሮ አልነበሩም። ነገር ግን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «በሽታው በጣልያኖች ቤት ለመኖሩ አራስ ልጅ ምስክር ሆነ» የሚል ቴሌግራም ለጋዜጣ ልከው፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እጃቸውን ጨብጦ አመስግኗቸው ነበር። ያን ቃል መልሶ መዋጥ አቃታቸው።

«ሲስተር» አሉ መሐረባቸውን ሳያነሡ፤ «በአራት ቀን ልጅ ሆድ ላይ ቢላ የሚያሳርፍ ሐኪም ሳይሆን አራጅ ነው። ተላላፊ በሽተኛ ከዚህ ግቢ ማውጣትም በሕግ ያስጠይቃል። ልጁን ውሃ እያጠጣችሁ በሰላም ይሂድ።»

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ሜትሮን ወደ ሲስተር ካሃላን ዞሩ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! በዚህ ቤት ቆሻሻ ነገር ሐኪም ፊት ቀርቦ አያውቅም!»

«ለዚህ ነዋ ሐኪሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምንም ሳያዩ የኖሩት» አለቻቸው።

በወደቡ ከተማ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም መኖሩን ታውቅ ነበር። ወደዚያ የሚሄደው ባቡር ከዋሉምባ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጣቢያ በዘጠኝ ሰዓት ያልፋል፤ እስከዚያ የሚያደርስ መኪና ያለው ወይ ፋብሪካው፣ ወይ የአድማው ኮሚቴ ነው። ፋብሪካው ትኩሳት ያለበት ጣልያን አልጭንም ብሎ በስልክ መለሰላት። ቆርቆሮዋን በብብቷ ይዛ በቀትር ፀሐይ ወደ አድመኞቹ አዳራሽ ሄደች።

ሁለት መቶ የሚሆኑ ወንዶች ወጥ እየበሉ ነበር።

«እዩማ፣ የፋብሪካው ነርስ መጣችልን! ቆርቆሮውስ? ብስኩት ይሆን እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቅመሰውና ንገረኝ» አለችው፤ ሳቁ ወደ እርሱ ዞረ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ማክአስላን ግን አልሳቀም። እርሱ የስኮትላንድ ሰው፣ ድምፁ ሰፈር የሚያንቀጠቅጥ፣ ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሙን ዱንካንን በአይጥ ትኩሳት የቀበረ ነው። የመጣችበትን ጉዳይ ቆሞ ሰማና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልጁ የአይጥ ትኩሳት አለበት ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ እሰየው! ቅዳሜ ከሁሉም ከተማ ሦስት ሺህ ሰው ይመጣልኛል። በሽታውን ከማሳው በአባቱ እጅ ነው ያገኘው እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማሳው አይቃጠልም የሚል መንግሥት ካለ አየዋለሁ። አንቺ አሁን መጥተሽ ሆድ ቁርጠት ነው ትዪኛለሽ?»

«ቁርጠት አላልኩም። አንጀቱ ታንቋል ነው ያልኩት። ቶሎ ከተቆረጠለት ይድናል።»

«ማነው የላከሽ? ፋብሪካው ነው?»

«ፋብሪካውማ የሚለው አንተ የምትለውን ነው፤ የአይጥ ትኩሳት! በአምስት ሳምንት ውስጥ በአንድ ነገር ተስማማችሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ማክአስላን ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ በሽታ አትቀልጂብኝ! ወንድሜ ደም እየሸና ነው የሞተው!»

«አውቃለሁ። እስኪሞት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያንተ ዱንካን ቤት የሚያቃጥል ትኩሳት ነበረው፤ የጭኑ ሥጋ ሲነካ ይጮህ ነበር። ያን በሽታ ስላየሁት ነው ይህ ያ አይደለም የምልህ።»

ከኋላ ኤርሲልዮ ብሪጌንቲ ተነሣ። ልጁን ከረቡዕ ወዲህ በመስኮት እንኳ አላየውም።

«ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይተርፋል?»

«እኔ እንጃ። እዚህ ከቆየ ግን ለቅዳሜ አይደርስም።»

«ቢሳሳቱስ?»

«ከተሳሳትኩ መንገድ ላይ ይሞትብሃል። ያን ጊዜ ገዳዩ ካሃላን ናት ብለህ ለዓለም ንገር።»

ሰውየው መጥቶ ከቆርቆሮው አንዱን ጨርቅ አነሣ፤ ወደ ብርሃኑ ይዞ አየው። ለአሥር ዓመት የሸንኮራ ቅጠል ሲቆርጥ የኖረ ነውና አረንጓዴ ምን እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም።

«ቢጫ ቢጫ ትሉኝ ነበር፤ ሁላችሁም» አለ በዝግታ። «ይህን ማንም አልነገረኝም።»

«ብሪጌንቲ!» አለ ማክአስላን። «መኪናው የኮሚቴው ነው። ቤንዚኑ የአራት መቶ ሰው ራት የሚመላለስበት ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።»

«ልጄ ካልታመመልህ ቅዳሜ የምትናገረው የለህም?»

«ቁልፉን አልኩህ! ከዚህ በር ይዘኸው ከወጣህ ሌባ ነህ፤ ከሃዲ ነህ፤ በዚህ ጠረፍ ካንተ ጋር ሸንኮራ የሚቆርጥ ሰው አታገኝም!»

ኤርሲልዮ ጨርቁን አጥፎ ወደ ቆርቆሮው መለሰና ወጣ። ከነወጡ የተወረወረ ሳህን ጀርባው ላይ አረፈበት፤ ዞሮም አላየ።

በሆስፒታሉ ሲደርሱ ሜትሮን ፖክሊንግተን በተላላፊዎቹ ክፍል ደጃፍ ቆመው ጠበቋቸው፤ ሲስተር ካሃላን በጎናቸው ሾልካ ገብታ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች።

«ያ ልጅ ከዚህ ግቢ ቢወጣ አንቺ ተመልሰሽ አትገቢም!» አሉ። «በዚህ ጠረፍ ድስት እንድታጥቢ እንኳ የሚቀጥርሽ ሆስፒታል እንዳይኖር አደርጋለሁ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።» የክፍሉን ቁልፍ በመዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። «ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሜትሮን። እንደሚወዱት አድርጌዋለሁ።»

የመኪናውን ድምፅ የሰማችው አሱንታ ከአራሶቹ ክፍል በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። «ስጪኝ! ልጄን ስጪኝ!»

«አራስ አሥር ቀን ሳይሞላት ከአልጋ አትወርድም!» ብለው ጮኹ ሜትሮን። «የቤቱ ደንብ ነው!»

«አልጋውን ቀቅላችሁ ብሉት!» አለቻቸው አሱንታ፤ ባሏ አቅፎ መኪናው ላይ አወጣት።

በሃያ ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሕፃኑ ሁለት ጊዜ አስመለሰ፤ ሦስተኛው ላይ ለማልቀስም አቅም አጣ። አሱንታ ለእመቤታችን እየተሳለች፣ ባሏ መሪውን ጨብጦ ጥርሱን እየነከሰ፣ ባቡሩ ሊነሣ አፍታ ሲቀረው ደረሱ፤ መኪናውን ጣቢያው ላይ ትተው ሁሉም ተሳፈሩ። ዓርብ ጠዋት ወጣቱ ሐኪም የማደንዘዣውን ኤተር በጠብታ እያስጨመረ ሆዱን ከፈተ። ቀጭኑ ጅማት ከጨጓራው በታች ባለው አንጀት ላይ ተጋድሞ ተገኘ፤ አንጀቱም በራሱ ላይ ግማሽ ዙር ተጠማዝዞ ነበር። የጅማቱን ጫፍ ቆረጠ፤ አንጀቱን እንደ ተጠመዘዘ ፎጣ ፈታው፤ የጠቆረውም ቀስ በቀስ ቀይ ሆነ። ሲስተር ካሃላን የሕፃኑን ራስ ይዛ ያን ሁሉ አየች። ያኔ ብቻ አለቀሰች።

እሑድ በልጁ ጨርቅ ላይ ቢጫ የወተት ሰገራ ተገኘ። አሱንታ ልታጥበው ስትነሣ ሲስተር ካሃላን እጇን ያዘቻት። «ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ሁላችንም እንየው» አለች፤ ሦስቱም በዚያ ጨርቅ ላይ አጎንብሰው ሳቁ።

በዋሉምባ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ተጽፎ ነበር። ሜትሮን በመዝገቡ ላይ «የአይጥ ትኩሳት፤ ሊሞት ሲል ወላጆቹ ያለ ፈቃድ ወሰዱት» ብለው በማይለቅ ቀለም አኖሩ። ማክአስላንም ቅዳሜ በሦስት ሺህ ሰው ፊት ቆሞ «የአምስት ቀን ልጅ ትናንት ገደሉብን!» አለ፤ ሕዝቡ ቆቡን አውልቆ አለቀሰ፤ የአድመኞቹም ጋዜጣ ቃሉን አተመው። ልጁ መዳኑን በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ሰሙ፤ የጻፉትን ለመሰረዝ ግን ሁለቱም እጃቸው አልታዘዘላቸውም።

አድማው በረኀብ ተሰበረ፤ ማሳዎቹ ግን ውለው አድረው ይቃጠሉ ጀመር፤ ትኩሳቱም ቀነሰ፤ በዚህ ረገድ ማክአስላን ልክ ነበር፣ ይህን ልነፍገው አልችልም። ብሪጌንቲዎች ከፋብሪካውም ከቆራጮቹም ተባርረው ወደ ደጋው ወጥተው ትንባሆ ተከሉ። ዊኒፍሬድ ካሃላንን የትኛውም ሆስፒታል አልቀጠራትም፤ ሜትሮን ቃላቸውን ጠብቀዋል። በወደቡ ከተማ በአንድ ሆቴል የእንግዳ አንሶላ እያጠበች ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች፤ በ፲፱፻፷፩ም ሞተች። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ አልደብቅም።

በ፲፱፻፹፭ ዓ.ም. አድማው አምሳ ዓመት ሲሞላው የዋሉምባ ማዘጋጃ ቤት ድንጋይ አቆመ። በላዩ በአይጥ ትኩሳት የሞቱ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ተቀረጸ፤ የመጨረሻው «ኦሊንዶ ብሪጌንቲ፣ የአምስት ቀን ሕፃን» የሚል ነበር። በምረቃው ቀን ከሕዝቡ መካከል አንድ የአምሳ ዓመት ትንባሆ ገበሬ ቆሞ ይህን አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ሄደ።

«ያ የመጨረሻው ስም የኔ ነው» አላት ጸሐፊዋን።

«የዘመድዎ ማለትዎ ነው፣ አባቴ?»

«የራሴ።» ሸሚዙን ገለጠና ከእንብርቱ በላይ የተጋደመውን ጠባሳ አሳያት።

ልጅቱ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ በጋዜጣውም በሆስፒታሉ መዝገብም ያለው እንደዚያ ነው፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስለጻፈ አልተጠራጠርንም። እናስፍቀዋለን።»

«የኔን ተዪው፣ ልጄ፤ አይጎዳኝም። ይልቅ ከሥሩ አንድ ስም ጨምሩልኝ። ዊኒፍሬድ ካሃላን።»

ጸሐፊዋ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። «ከአድመኞቹ ጋር ነበሩ?»

«አይ።»

«ከፋብሪካው ጋር?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው በየትኛው ወገን ብለን እንጻፋቸው?» አለች፤ በቅንነት ነበር የጠየቀችው።

ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ የካሃላን ስም ግን አልተጨመረበትም። በየመስከረሙ የሁለቱም ወገን ልጆች አበባ ያኖሩበታል፤ በሕይወት ላለው ሰው ስምም ጭምር። የእርሷ መቃብር በወደቡ ከተማ ነው፤ ስሟና ሁለት ዓመተ ምሕረት ብቻ ተጽፎበታል፤ ኦሊንዶ ብሪጌንቲ በዓመት አንድ ጊዜ ከደጋው ወርዶ ሣሩን ይነቅልላታል።